አረፋ የነሳን ሳሙናው ነው ወይስ ውሃው?

ከአዲስ አበባ ለመስክ ሥራ ወደ ድሬዳዋ ወይም ወደ መቀሌ የተጓዘ የመንግሥት ሠራተኛ በማረፊያው ውስጥ ማለዳ ጺሙን ለመላጨት ሲዘጋጅ ያልጠበቀው ነገር ሊገጥመው ይችላል። በቤቱ መልካም አረፋ ሲሰጠው የከረመው የመላጫ ሳሙና በዚያ ፊቱ ላይ ስስ ነጭ ልባስ ብቻ ትቶ ይደርቃል። በመታጠቢያው ዳር ዳርም ግራጫ ዝቃጭ ይጋገራል። በዚህ ጊዜ ብዙዎች የሚደርሱበት ድምዳሜ ሳሙናው ርካሽ በመሆኑ ጥራት የለውም፣ ወይም ተመሳስሎ የተሠራ ነው የሚል ነው። ቀጥሎ የሚወሰደው እርምጃም የታወቀ ነው፤ ሳሙናው ይጣልና ዋጋው እጥፍ ድርብ የሆነ በቆርቆሮ የታሸገ አረፋ ይገዛል፣ አለዚያም የስብሰባ ሰዓት እንዳያልፍ ሲባል ባልለሰለሰ ፊት ላይ ምላጭ ይሳባል።

እውነታው ግን ከዚህ የተለየ ነው። በአብዛኛው ጥፋቱ የሳሙናው ሳይሆን የውሃው እና የአጠቃቀሙ ነው። ዋጋው አነስተኛ የሆነ ባህላዊ የመላጫ ሳሙና ከውሃው ጋር በአግባቡ ተመጣጥኖ ከተመታ ከውድ ምርቶች የማይተናነስ አረፋ ይሰጣል፤ አንዱ ሳሙናም በየቀኑ ለሚላጭ ሰው ለወራት ያገለግላል። ጉዳዩ ደግሞ የቁጠባ ብቻ አይደለም። ጺም በበቂ አረፋ ሳይለሰልስ መላጨት የቆዳ መቆጣትንና መቁሰልን ያስከትላል፤ በተለይም ጠጉራቸው ጥቅልል በሆነ ወንዶች ላይ የሚበዛውን የአንገትና የአገጭ እብጠት ያባብሳል።

የመላጫ ሳሙና ከሌላው ሳሙና የሚለይበት ምክንያት በቅድሚያ ሊታወቅ ይገባል። ሳሙና የሚገኘው ስብ ወይም ዘይት ከአልካሊ ጋር ሲዋሐድ ነው። ለልብስና ለገላ የሚውለው ደረቅ ሳሙና በአብዛኛው በሶዲየም አልካሊ ብቻ የሚዘጋጅ ሲሆን፣ በመላጫ ሳሙና ውስጥ ግን ከሶዲየሙ ጋር ፖታሲየምም ይገባል። የሶዲየሙ ሳሙና ጥንካሬን ይሰጣል፤ የፖታሲየሙ ደግሞ ለስላሳና በውሃ በቀላሉ የሚሟሟ በመሆኑ አረፋው ፈጥኖ እንዲነሳ ያደርጋል። ከዚህም ሌላ ስቴሪክ አሲድ የተባለው የስብ ክፍል በመላጫ ሳሙና ውስጥ መጠኑ ከፍ ያለ ነው። ሞራ ለረጅም ዘመን የዚህ ሳሙና ዋነኛ ጥሬ ዕቃ ሆኖ የቆየው ይህንኑ ክፍል በብዛት ስለያዘ ነው። ከእርሱ የሚገኘው አረፋ ጥቅጥቅ ያለና ቶሎ የማይፈርስ ሲሆን፣ ግሊሰሪን ደግሞ እርጥበቱን ይዞ ያቆየዋል። የገላ ሳሙና አረፋ ለዓይን የበዛ ቢመስልም እንክብሎቹ ትላልቅ በመሆናቸው ምላጩ ሁለተኛውን ጉንጭ ሳይጀምር ይከስማል። የልብስ ሳሙና ጭራሹን ፊት ላይ ባይደርስ ይመረጣል።

ከርካሾቹ የመላጫ ሳሙናዎች መካከል በብዙ አገሮች ስሙ የሚነሳው የቱርኩ አርኮ ነው። እ.ኤ.አ. በ1927 የተመሠረተው ኤቭያፕ የተባለ ኩባንያ የሚያመርተው ይህ ሳሙና 75 ግራም የሚመዝን ባለ በትር ቅርጽ ነው። የተሠራውም ከሞራ፣ ከኮኮናት ዘይት፣ ከስቴሪክ አሲድና ከግሊሰሪን ነው። ሽታውን የሚወዱት የመኖራቸውን ያህል የመጸዳጃ ቤት ማጽጃ ነው የሚሉትም ጥቂት አይደሉም። ይሁንና በብዙ እጥፍ ከሚበልጡት ምርቶች በዋነኛነት የሚለየው በመዓዛውና በማሸጊያው እንጂ አረፋ በሚሠራው መሠረታዊ ይዘቱ አይደለም። ገዢው ከማሸጊያው ላይ ሊመለከት የሚገባውም ይህንኑ ነው፤ የፖታሲየም ሳሙናና ስቴሪክ አሲድ ከዝርዝሩ መጀመሪያ አካባቢ ከሰፈሩ ሳሙናው ለመላጫ የታሰበ መሆኑን ያመለክታሉ።

ወደ ውሃው ስንመለስ፣ በተለምዶ "ጨው የበዛበት" የሚባለው ውሃ አብዛኛውን ጊዜ የገበታ ጨው ያለበት ሳይሆን ካልሲየምና ማግኒዥየም የተባሉት ማዕድናት በርከት ብለው የሟሙበት ነው። ሳሙና እንዲህ ካለው ውሃ ጋር ሲገናኝ ከማዕድናቱ ጋር ይጣመርና በውሃ የማይሟሟ ሌላ ነገር ይሆናል። በመታጠቢያ ሳህን ላይ የሚጋገረው ግራጫ ዝቃጭ ይኸው ነው። የውሃው ጠጣርነት የሚለካው በካልሲየም ካርቦኔት ተሰልቶ በሊትር በሚገኘው ሚሊ ግራም ነው። በተለመደው አመዳደብ እስከ 60 ያለው ለስላሳ፣ ከ120 በላይ ያለው ጠጣር፣ ከ180 በላይ ያለው ደግሞ እጅግ ጠጣር ይባላል።

ይህ በተግባር ምን ማለት እንደሆነ በስሌት ማየት ይቻላል። ጠጣርነቱ በሊትር 300 ሚሊ ግራም የሆነ ውሃ አንዱ ሊትር ብቻ ወደ 2 ግራም የሚጠጋ ሳሙና አረፋ ሳይሆን በከንቱ እንዲቀር ያደርጋል። በባልዲ ውሃ ልብስ ለሚያጥብ ሰው ይህ ቀላል ኪሳራ አይደለም። ለጺም መላጫ ግን የሚያስፈልገው ውሃ ከ2 ወይም ከ3 የሾርባ ማንኪያ ስለማይበልጥ በዚህ መልክ የሚባክነው ሳሙና የአንድ ግራም አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም። ታዲያ አረፋው ለምን ይጠፋል? ምክንያቱ የሚፈጠረው ዝቃጭ ራሱ አረፋ ሰባሪ መሆኑ ነው። ጥቃቅን ቅንጣቶቹ በአረፋው እንክብሎች ስስ ግድግዳ ላይ እያረፉ ያፈነዷቸዋል። በሳሙና የተቆጠበ ሰው በጠጣር ውሃ ላይ ፈጽሞ አረፋ የማያገኘው ለዚህ ነው፤ ሳሙናውን አብዝቶ የወሰደ ሰው ግን ዝቃጩን የሚያሸንፍ ትርፍ ሳሙና ስለሚኖረው በዚያው ውሃ ሊሳካለት ይችላል።

የአገራችን ከተሞች በዚህ ረገድ እጅግ የተለያዩ ናቸው። የድሬዳዋ ነዋሪዎች የሚጠቀሙበት ውሃ ሳቢያንን ከመሳሰሉ የጉድጓድ መስኮች የሚወጣ ሲሆን በኖራ ድንጋይ ንብርብሮች ውስጥ አልፎ የሚመጣ በመሆኑ ጠጣርነቱ ከፍተኛ ነው። በማንቆርቆሪያና በጀበና ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ቅርፊት የማያውቅ የድሬ ሰው አይገኝም። የመቀሌ የአይናለም ጉድጓዶችም በኖራ ድንጋይና በሸክላ አፈር ድንጋይ አካባቢ የተቆፈሩ ናቸው፤ በዚያ ዙሪያ ጂፕሰም የያዙ ንብርብሮችም ይገኛሉ። በአዲስ አበባ ግን ከለገዳዲ፣ ከድሬና ከገፈርሳ ግድቦች የሚገኘው ውሃ በእሳተ ገሞራ ድንጋይ ላይ የወረደ ዝናብ የተጠራቀመበት በመሆኑ ለስላሳ ነው። ከአቃቂ ጉድጓዶች የሚሳበው ከግድቦቹ የበለጠ ማዕድን አለው። በዚህም የተነሳ በአንድ ከተማ ውስጥ እንኳ የአንዱ ሰፈር ሳሙና ከሌላው ሰፈር የተሻለ መስሎ ሊታይ ይችላል።

የስምጥ ሸለቆው ውሃ ደግሞ ሌላ ጠባይ አለው። በብዙ ሥፍራዎች ካልሲየሙ አነስተኛ በመሆኑ ሳሙና በቀላሉ ያረፋል፤ ነገር ግን ጥርስንና አጥንትን የሚጎዳው ፍሎራይድ የሚበዛው እዚያው ነው። በአንጻሩ ጠጣር ውሃ ሳሙናን ቢያስቸግርም ለመጠጥ ጎጂ ነው ተብሎ የዓለም ጤና ድርጅት ከጤና አኳያ ያስቀመጠለት ጣሪያ የለም። ሳሙና የወደደው ውሃ ሁሉ ለመጠጥ የተመቸ፣ የጠላው ሁሉ ደግሞ መጥፎ ነው ብሎ መደምደም ስለዚህ ስህተት ነው።

አንድ ሰው ጥፋቱ የሳሙናው ይሁን የውሃው በ5 ደቂቃ ውስጥ ሊለይ ይችላል። ክዳን ያላቸው 2 ንጹሕ ጠርሙሶችን አዘጋጅቶ በአንዱ የቧንቧ ውሃ፣ በሌላው ከቆርቆሮ ጣሪያ መጀመሪያ የወረደው ቆሻሻ ካለፈ በኋላ የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ በእኩል መጠን ያድርግ። በሁለቱም ውስጥ እኩል ጥቂት የሳሙና ፍቅፋቂ ጨምሮ አጥብቆ ይነቅንቅ። በዝናቡ ውሃ ጠርሙስ ከፍ ያለ አረፋ ቆሞ በቧንቧው ውሃ ጠርሙስ ድፍርስና ተንሳፋፊ ቅንጣት ብቻ ከታየ ሳሙናው ነጻ ነው። በሁለቱም ካላረፋ ግን ሳሙናውን መጠራጠር ተገቢ ይሆናል።

ለመላጨት የሚያስፈልገው ውሃ ጥቂት መሆኑ መፍትሔውን ቀላል ያደርገዋል። ቤት ሙሉ ውሃ ማለስለስ አያሻም፤ አንድ ብርጭቆ መልካም ውሃ ለይቶ ማስቀመጥ ይበቃል። በክረምት የዝናብ ውሃ ከሁሉም ይሻላል። በኖራ ድንጋይ አካባቢ ያለው ጠጣርነት አብዛኛው ከባይካርቦኔት የሚመጣ ስለሆነ ውሃውን ለጥቂት ደቂቃዎች አፍልቶ፣ እስኪቀዘቅዝና እስኪጠል ጠብቆ ከላይ ያለውን ጥሩውን ብቻ መቅዳት በጉልህ ይረዳል። ከጂፕሰም የሚመጣው ጠጣርነት ግን በማፍላት አይለቅም፤ በዚያ ያለው አማራጭ የዝናብ ወይም የተጣራ ውሃ መጠቀም አለዚያም ሳሙናውን ማብዛት ነው። ለመኪና ባትሪ የሚሸጠውን ዲስቲልድ ውሃ የሚጠቀሙ ሰዎች አሉ። ንጹሕ ውሃ መሆኑን ሳያረጋግጡ ግን እንዳይሞክሩት ይመከራል፤ በተመሳሳይ ዕቃ የሚሸጠው የባትሪ አሲድ ፊትን ያቃጥላልና። የአምቦ ውሃን ለዚህ ጉዳይ ማሰብ ደግሞ ከንቱ ነው፤ በማዕድን የበለጸገ በመሆኑ ለማዕድ እንጂ ለሳሙና አልተፈጠረም። ሎሚ በአረፋው ላይ መጭመቅም አይበጅም፤ አሲዱ ሳሙናውን መልሶ ወደ ስብነት ይለውጠዋል።

ውሃው ከተስተካከለ በኋላ የሚቀረው የእጅ ሥራ ነው። ሥራው የሚጀምረው ከሳሙናው ሳይሆን ከጺሙ ነው። ጠጉር ውሃ ሲጠጣ ይለሰልሳል፤ ውሃ የጠገበ ጺም ለመቆረጥ የሚጠይቀው ኃይል ከደረቀው እጅግ ያነሰ ነው። ይህ እንዲሆን ለ2 ወይም ለ3 ደቂቃ ያህል ፊትን ለብ ባለ ውሃ ማራስ፣ ወይም ገላን ከታጠቡ በኋላ መላጨት ያስፈልጋል። ውሃው የሚያቃጥል መሆን የለበትም፤ በጣም የሞቀ ውሃ ቆዳን ያስቆጣል፣ አረፋውንም ቶሎ ያደርቃል።

ብሩሹም አስቀድሞ ይነከራል። ከአሳማ ጠጉር የሚሠራው ብሩሽ ውሃ ስለሚመጥ ለጥቂት ደቂቃዎች መነከር ይፈልጋል፤ ሰው ሠራሽ ጭረት ያለው ግን ወዲያው ለሥራ ዝግጁ ነው። የአሳማን ጠጉር በእምነት ምክንያት የማይጠቀም ሰው በዚህ ምንም አይጎድልበትም፤ በአሁኑ ጊዜ የሚመረቱት ሰው ሠራሽ ብሩሾች ርካሽ ከመሆናቸውም በላይ ሳሙናውን በሚገባ ያነሳሉ፣ ፈጥነውም ይደርቃሉ። ብሩሹ ከውሃው ሲወጣ ይራገፋል፤ እርጥብ መሆን እንጂ መንጠባጠብ የለበትም።

አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው ከዚህ ቀጥሎ ባለው ደረጃ ላይ ነው። ብሩሹን በሳሙናው ላይ ለ5 ወይም ለ6 ሰከንድ ያህል አሽቶ ነጭ አረፋ እንዳየ ወደ ፊቱ ይወስደዋል። ያ አረፋ ውሃና አየር እንጂ ሳሙና የለውም ማለት ይቻላል። ብሩሹ ቢያንስ ለ30 ሰከንድ፣ በጠጣር ውሃ ደግሞ ለአንድ ደቂቃ ያህል በሳሙናው ላይ መዞር አለበት። መጀመሪያ የሚታዩት ትላልቅ እንክብሎች ቀስ በቀስ ጠፍተው ብሩሹ ወፍራም፣ ተጣባቂ ሊጥ መሰል ነገር ሲሸከም በቂ ሳሙና ወሰደ ይባላል። ሳሙናው ባለ በትር ከሆነ በራሰው ጺም ላይ ከእድገቱ አቅጣጫ በተቃራኒ በቀጥታ ማሸት ይቻላል፤ ጺሙ ራሱ እንደ መፋቂያ ሆኖ ሳሙናውን ይልጠዋል። ለመስክ ጉዞ የሚመቸውም ይኸው ነው፤ ጎድጓዳ ሳህን አይጠይቅም።

ከዚያ በኋላ ውሃ በጠብታ በጠብታ ይጨመራል። የብሩሹን ጫፍ ብቻ ውሃ እያስነኩ በፊት ላይ ወይም በጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ማዞር፣ ውሃው ሲዋሐድ እንደገና መጨመር ነው። አንድ ጊዜ ብዙ ውሃ የተጨመረበት አረፋ በቀላሉ አይመለስም፤ ተጨማሪ ሳሙና ካልተወሰደ በቀር ይፈስሳል። ውሃ ያነሰው አረፋ ደብዛዛና ወፍራም ሆኖ ይታያል፣ ፊት ላይ ይለጠፋል፣ ምላጩንም ይይዛል። ውሃ የበዛበት ደግሞ ትላልቅ እንክብሎች ይኖሩታል፣ ወደ አንገትም ይወርዳል። ልክ የሆነው አረፋ ተመትቶ የቆመ የእንቁላል ነጭ ይመስላል፤ ላዩ ያብረቀርቃል፣ ብሩሹ ሲነሳ ጫፉ ጎንበስ ይላል እንጂ አይወድቅም። በሁለት ጣት መካከል ሲታሽ ደግሞ ያዳልጣል። ከመልኩ ይልቅ ይህ የመጨረሻው ምልክት ይታመናል፤ የአረፋ ሥራ ከፍ ብሎ መታየት ሳይሆን በምላጩና በቆዳው መካከል የሚያዳልጥ እርጥብ ሽፋን መሆን ነው። እንዶድም አረፋው ብዙ ነው፤ ነገር ግን ዓይንንና ቆዳን የሚያስቆጣ በመሆኑ ለፊት አይሆንም።

ይህ ሁሉ ከ2 ወይም ከ3 ደቂቃ አይበልጥም። ብሩሹ በጺሙ ላይ በሚዞርበት ጊዜ ጠጉሩን እያነሳ ውሃውን ወደ ውስጥ ስለሚያዘልቅ ደቂቃዎቹ በከንቱ አይጠፉም። በቆርቆሮ የታሸገው አረፋ ይህን ሥራ የማይሠራው ከዕቃው ሲወጣ በጋዝ ተነፍቶ ያለቀለት በመሆኑ ነው፤ በእጅ ሲቀባ ጺሙን ይሸፍነዋል እንጂ አያሸውም።

ለቆዳ የሚኖረው ጥቅም በተለይ ለእኛ ሰፊ ነው። ጥቅልል ጠጉር ከቆዳው በታች ወይም በሹል ማዕዘን ከተቆረጠ ሲያድግ ተመልሶ ወደ ቆዳው ይገባና ብጉር መሰል እብጠት ይፈጥራል። በአንድ ቦታ ላይ ምላጭን እየደጋገሙ መሳብ፣ ቆዳን መወጠርና ከጠጉሩ አቅጣጫ በተቃራኒ መላጨት ችግሩን ያከብደዋል። መልካም አረፋ ያለው ሰው ምላጩን ሳይጫን በጠጉሩ አቅጣጫ አንድ ጊዜ አሳልፎ ሊበቃው ይችላል። ሆኖም አረፋ መድኃኒት አይደለም። እብጠቱ መግል የሚቋጥር ወይም ጠባሳ የሚተው ከሆነ መላጨቱን አቁሞ የቆዳ ሐኪም ማማከር ይገባል፤ ለአንዳንዶች ጺምን አሳጥሮ መተው ብቸኛው መፍትሔ ነው። እንዲህ ያለውን ሠራተኛ በየዕለቱ ተላጭቶ እንዲገባ የሚያስገድዱ የሥራ ኃላፊዎች ይህን ቢያጤኑት መልካም ነው።

ምላጭን የመጋራት አደጋ በኤች አይ ቪ ትምህርት ምክንያት በሰፊው ይታወቃል፤ የጉበት በሽታ የሚያስከትሉ ቫይረሶችም በዚሁ መንገድ ይተላለፋሉ። የብሩሽ ነገር ግን ብዙም አይነሳም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዓመታት በብሪታንያና በአሜሪካ ወታደሮችና ሲቪሎች በአባ ሰንጋ የተያዙት በአግባቡ ሳይጸዳ ከቀረ የፈረስ ጠጉር በተሠሩ የመላጫ ብሩሾች ነበር። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ1920 ከጃፓን የሚመጡ የመላጫ ብሩሾች ወደ አገሯ እንዳይገቡ እስከ መከልከል ደርሳለች። ዛሬ በፋብሪካ የሚመረተው ጠጉር የሚጸዳ በመሆኑ ስጋቱ ያለፈ ነው፤ ይሁንና በምላጭ በተጫረ ፊት ላይ የሚዞር ብሩሽ የአንድ ሰው ብቻ ሆኖ ቢቀር የተሻለ ነው። በጸጉር ቤት የሚላጭ ደንበኛም አዲስ ምላጭ እንደሚጠይቅ ሁሉ የራሱን ብሩሽ ይዞ ቢሄድ የሚያሳፍር አይሆንም።

ከተጠቀሙበት በኋላ ብሩሹን በንጹሕ ውሃ አለቅልቆ፣ አራግፎ አየር በሚያገኝበት ቦታ ማድረቅ ያስፈልጋል። በጠጣር ውሃ አካባቢ በጭረቶቹ ሥር ነጭ ዝቃጭ ሲጠራቀም ብሩሹን ጥቂት ኮምጣጤ በተጨመረበት ለብ ያለ ውሃ ለጥቂት ደቂቃ ነክሮ በሚገባ ማለቅለቅ ያጸዳዋል። ሳሙናው በበኩሉ ውሃ በማይቋርበት፣ ከሥሩ ቀዳዳ ባለው ማስቀመጫ ላይ መዋል አለበት። በውሃ ውስጥ የሚያድር ሳሙና የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን በሳምንታት ውስጥ ሟሙቶ ያልቃል።